አኑራዳፑራ ወይስ ፖሎናሩዋ? ከስሪላንካ ጥንታዊ የቡድሃ ከተሞች የቱን እንምረጥ

ስሪላንካን ለማየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ሲጊሪያ ነው። ከጫካ መሀል ቀጥ ብሎ የወጣ፣ አናቱ ላይ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ የተሸከመ ግዙፍ ቋጥኝ። ብዙው ጎብኚ እሱን ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳርቻው ይወርዳል። ደሴቲቱ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ የተመራችባቸው ሁለት ዋና ከተሞች ግን ሳይታዩ ይቀራሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሁለቱ ከተሞች አኑራዳፑራና ፖሎናሩዋ ናቸው። ሁለቱም ያሉት በደሴቲቱ ሰሜናዊ መካከለኛ ክፍል፣ በደረቁ ቆላ ነው። በመካከላቸው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከሲጊሪያ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1982፣ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱንም ረጋ ብሎ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ሁለቱንም ይይ። የምጽፈው ቀኑ ለማይበቃው ነው።

መልሱን ሳላንዛዛ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ፖሎናሩዋ ሂዱ። ሁለት ቀን ካላችሁ አኑራዳፑራ ሂዱ፣ አጠገቡ ያለውን ኮረብታ ሚሂንታሌንም ጨምሩበት። አንድ ቀን ይዞ አኑራዳፑራ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ደክሞትና ግራ ገብቶት ይመለሳል። ሁለት ቀን ይዞ የሄደ ግን ከደሴቲቱ ሁሉ የሚበልጠውን ነገር ያያል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ውኃውን ተመልከቱ

ሁለቱም ከተሞች ጋ ስትደርሱ ከፍርስራሹ በፊት ሐይቅ ታያላችሁ። ሐይቆቹ ግን ሰው የሠራቸው ናቸው። በዚህ የደሴቲቱ ክፍል ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ጊዜ አብዛኛው ደረቅ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሊኖር የሚችለው ውኃ ከተገደበ ብቻ ነው። የጥንት ነገሥታትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምረው ይህንኑ ሠሩ። አፈር ቆልለው ግድብ ሠሩ፣ ቦይ ቀደዱ፣ አንዱን ማጠራቀሚያ ከሌላው አገናኙ። አኑራዳፑራ ያለው ቲሳ ወዋ የሚባለው ማጠራቀሚያ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። ዛሬም ውኃ ይይዛል።

የፖሎናሩዋው ንጉሥ ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ ስለ ዝናብ የተናገረውን የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ጽፎ አስቀርቶታል፤ ከሰማይ የወረደች አንዲት ጠብታ እንኳ ለሰው ሳትጠቅም ወደ ባሕር እንዳትሄድ። እሱ ያስፋፋው ማጠራቀሚያ «የፓራክራማ ባሕር» ይባላል። ዳር ላይ ቆሞ ላየው ሰው ስሙ አይበዛበትም።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃው ሩዝ አበቀለ። ሩዙ በሺዎች የሚቆጠሩ መነኮሳትን፣ ጡብ ሠሪዎችንና ድንጋይ ጠራቢዎችን መገበ። ያንን ያላሰበ ሰው እነዚያን ተራራ የሚያካክሉ የጡብ ጉልላቶች ሲያይ «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ከማለት አያልፍም።

አኑራዳፑራ፦ ጸሎቱ ያልቆመበት ከተማ

አኑራዳፑራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ አስራ አንደኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ዋና ከተማ ነበር። የከተማው መጨረሻ የሆነው የደቡብ ሕንድ ቾላዎች ወረራ ነው። በ1017 ንጉሥ አምስተኛ ማሂንዳን ማርከው ወሰዱት። ከተማው ባዶ ሆነ፣ ጫካም ዋጠው።

አንድ ነገር ግን አልተቋረጠም። በከተማው መሀል አንድ ዛፍ አለ። ጃያ ስሪ ማሃ ቦዲ ይባላል። ከዋርካና ከሾላ ወገን ነው። በእምነቱ ታሪክ መሠረት ሕንድ ውስጥ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን ካገኘበት ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ያመጣችው የሕንዱ ንጉሥ የአሾካ ልጅ፣ መነኩሲቷ ሳንጋሚታ ናት። የተተከለው በ288 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው ይባላል። በሰው እጅ ተተክለው የተተከሉበት ዘመን ከሚታወቅ ዛፎች መሀል በዕድሜ የሚስተካከለው የለም። ዛሬ ቅርንጫፎቹ በወርቃማ ምርኩዝ ተደግፈዋል። ዙሪያው በአጥር ታጥሯል፣ መንካት አይቻልም። ከታች ግን ነጭ የለበሱ ተሳላሚዎች ቁጭ ብለው ይጸልያሉ፣ የሎተስ አበባ ያስቀምጣሉ፣ ሕፃናት ታቅፈው ይመጣሉ። ከተማው በጠፋበት ዘመን እንኳ ዛፉን የሚጠብቁና የሚሳለሙ ሰዎች አልጠፉም።

አኑራዳፑራን ከፖሎናሩዋ የሚለየው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። እዚህ ቅርስ የምታዩት ከምዕመናን ጋር ተጋፍታችሁ ነው። ይህን የማይወድ ጎብኚ አለ። ሰው የሌለበት ድንጋይ ብቻ ማየት የሚፈልግ አለ። እኔ ግን ሕንፃው የተሠራለትን ሥራ ሲሠራ ማየት ከምንም ይበልጥብኛል።

ከዛፉ ትንሽ ሄድ ብሎ ሩዋንወሊሳያ አለ። ነጭ፣ ከፍታው መቶ ሜትር ገደማ የሆነ ጉልላት። እንዲህ ያለውን ሕንፃ እዚያ ሰዎች ዳጎባ ይሉታል፣ በሌላው ዓለም ስቱፓ በመባል ይታወቃል። ውስጡ ድፍን ነው፣ የሚገባበት ክፍል የለውም። በመሀሉ ቅዱስ አጽም ወይም ንዋይ ይቀበራል፣ ሰው ደግሞ በውጭ ይዞረዋል። ያሠራው ንጉሥ ዱቱገሙኑ ሲሆን ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሁለተኛው መቶ ዓመት ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ንጉሡ ሥራው ሳያልቅ በጠና ታመመ። ወንድሙ ያላለቀውን ክፍል በነጭ ጨርቅ አስሸፈነው። የሚሞተው ንጉሥ ያለቀ መስሎት ተጽናንቶ እንዲሄድ። ዛሬም ተሳላሚዎች እጅግ ረጅም ጨርቅ በራሳቸው ተሸክመው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ጉልላቱን ዙሪያውን ያለብሱታል። ይህ ሥርዓት ሲካሄድ ከደረሳችሁ ሌላ ፕሮግራማችሁን ሁሉ ተዉት። ጥግ ይዛችሁ ተመልከቱ።

ጄታቫናራማያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ነጭ ቀለም የለውም፣ ጡቡ እንደተራቆተ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በንጉሥ ማሃሴና ተጀምሮ በልጁ ዘመን ያለቀ ነው። ሲሠራ ከፍታው 122 ሜትር እንደነበር ይገመታል። በዚያ ዘመን ከእሱ የሚበልጡ ሕንፃዎች የግብፅ ጊዛ ሁለቱ ትልልቅ ፒራሚዶች ብቻ ነበሩ። የፈጀው ጡብ 93 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል ተብሎ ተሰልቷል። አሁን 71 ሜትር ያህል ቀርቷል። ሥሩ ቆማችሁ ወደ ላይ ስታዩ ግን አነሰ አትሉም።

አብሀያጊሪ ከሁሉም ቀስ ተብሎ መታየት ያለበት ሰፈር ነው። ትልቅ ገዳም ነበር፣ ከሌላ አገር ለሚመጡ መነኮሳትም ትምህርት ቤት ነበር። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፋሺያን የሚባል ቻይናዊ መነኩሴ መጻሕፍት ፍለጋ መጥቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በዚህ ገዳም ብቻ አምስት ሺህ መነኮሳት እንዳሉ ጽፏል። አንድ ቀን ከጄድ ድንጋይ በተሠራ የቡድሃ ምስል ፊት አንድ ነጋዴ የቻይና ነጭ የሐር ማራገቢያ መባ አድርጎ ሲያቀርብ አየ። ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። እንባው መጣ። በስደት ያለ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በአብሀያጊሪ አካባቢ የሚታዩትን ላሳጥር። በተመስጦ የተቀመጠው የሳማዲ ቡድሃ ሐውልት አለ። ኩታም ፖኩና የሚባሉት መንታ የመነኮሳት መታጠቢያ ገንዳዎች አሉ። ውኃው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ደለሉን የሚያስቀርበት ክፍል ሁሉ ተሠርቶለታል። የጨረቃ ድንጋይ የሚባለው በግማሽ ክብ የተጠረበ የደጃፍ ድንጋይም እዚሁ ነው። ዝሆን፣ ፈረስ፣ አንበሳና በሬ ተከታትለው ይዞሩበታል። በሬውን አስታውሱት፣ ፖሎናሩዋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ይህች ከተማ ከእኛም ጋር በሩቁ ትገናኛለች። በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ስለዚህች ደሴት ሲጽፍ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መርከቦች ይመጡባት እንደነበር ይናገራል። ሶፓትሮስ የሚባል ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተጉዞ ደሴቲቱ ላይ እንደወረደና ንጉሡ ፊት እንደቀረበም ይተርካል። በዚያ ዘመን ዋና ከተማዋ አኑራዳፑራ ነበረች። ኮስማስ በደሴቲቱ የፋርስ ክርስቲያኖች እንደነበሩም ጽፏል። በ1912 ደግሞ በአኑራዳፑራ ፍርስራሽ ውስጥ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጥንታዊ መስቀል ተገኝቷል። የአክሱም ዘመን ንግድ የሚማርከው ሰው ለአኑራዳፑራ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

የአኑራዳፑራ ችግሩ ስፋቱ ነው። ቅርሶቹ ተራርቀው የተበተኑ ናቸው። ብዙ ቦታ የምታዩት የድንጋይ ምሰሶ ብቻ ነው። ሎቫማሃፓያ የተባለውን የመነኮሳት ሕንፃ ውሰዱ። ዜና መዋዕሉ ዘጠኝ ፎቅና የነሐስ ጣሪያ ነበረው ይላል። አሁን 1,600 የሚሆኑ ምሰሶዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ፎቁ እንጨት ስለነበረ ተቃጥሏል። ታሪኩን ሳያውቅ የሚያልፍ ሰው ዓይኑ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ እዚህ አስጎብኚ መያዝ ቅንጦት አይደለም። በባጃጅ መዞርም የግድ ነው ማለት ይቻላል፣ በተለይ ጉልበቱ ለደከመ ሰው።

ሚሂንታሌ

ከአኑራዳፑራ በስተምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ኮረብታ ነው። ቡድሂዝም ወደ ደሴቲቱ የገባው እዚህ ነው ይባላል። የአሾካ ልጅ፣ መነኩሴው ማሂንዳ፣ አደን ላይ የነበረውን ንጉሥ ዴቫናምፒያ ቲሳን ያገኘው እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። 1,840 የድንጋይ ደረጃዎች አሉት። መኪና ግን እስከ መሀሉ ስለሚወጣ አዛውንትም ሊያየው ይችላል።

ከታች በኩል የጥንት ሆስፒታል ፍርስራሽ አለ። በሰው ቁመት ልክ የተቦረቦረ የድንጋይ ገንዳ ታገኛላችሁ፣ ሕመምተኛው በመድኃኒት ዘይት ውስጥ የሚተኛበት ነው። ከፍ ብሎ የመነኮሳቱ ምግብ ቤት ነው። ሩዙ የሚገለበጥበት ረጅም የድንጋይ ገበቴ አለው። ከጎኑ የገዳሙ መተዳደሪያ በትልልቅ ድንጋዮች ላይ ተጽፏል፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሳይቀር። ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ከአናቱ ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ የአኑራዳፑራ ነጫጭ ጉልላቶች ከጫካው በላይ ብቅ ብለው ይታያሉ። ሁለት ቀን ላላችሁ አኑራዳፑራን ያልኩት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ፖሎናሩዋ፦ የሚነበብ ከተማ

ፖሎናሩዋን መጀመሪያ ዋና ከተማ ያደረጓት ወራሪዎቹ ቾላዎች ናቸው። በ1070 ቀዳማዊ ቪጃያባሁ አስወጣቸውና ከተማዋ የሲንሃላ ነገሥታት መቀመጫ ሆነች። ታላቁ ዘመኗ አጭር ነው። ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ ከ1153 እስከ 1186 ነገሠ። ከእሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኒሳንካ ማላ ከ1187 እስከ 1196 ነገሠ። ከዚያ በ1215 ከሕንድ የመጣው የካሊንጋው ማጋ ወረራት፣ ጥቂት ቆይቶም ጫካ ሆነች።

ይህ አጭርነት ለጎብኚ ጠቀመው። አኑራዳፑራ የአንድ ሺህ ዓመት ንብርብር ነው። ፖሎናሩዋ ግን የሁለት ትውልድ ሥራ በመሆኗ ከተማዋ እንደ ከተማ ትታያለች። ቤተ መንግሥቱ ይሄ፣ የምክር አዳራሹ ያ፣ ቤተ መቅደሶቹ እዚህ፣ ገዳማቱ እዚያ። ሁሉም ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር ተደርድረው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ጥላም አለው። ሳይክል ተከራይቶ ለመዞር ከዚህ የሚመች ጥንታዊ ከተማ ማሰብ ያስቸግራል። ከሐይቁ አጠገብ ካለው ሙዚየም ጀምሩ። ሕንፃዎቹ ጣሪያ በነበራቸው ጊዜ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳዩ ሞዴሎች አሉት። እነሱን ያየ ሰው ውጭ ያለው ፍርስራሽ ወዲያው ይገባዋል።

ልባችሁን የምታሳርፉባቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው ኳድራንግል የሚባለው ከፍ ያለ ግቢ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ የተጠጋጉ ቤተ መቅደሶች አሉበት። ከሁሉም የሚያምረው ቫታዳጌ ነው። ትንሽ ዳጎባ በመሀል፣ አራት ቡድሃዎች በአራት አቅጣጫ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ምሰሶና ግድግዳ። ይህን የክብ ቤት ንድፍ በጅምሩ ማየት የሚፈልግ አኑራዳፑራ ያለውን ቱፓራማን ይይ፣ በዳጎባው ዙሪያ የቀሩት ምሰሶዎች የዚሁ ዓይነት ጣሪያ ተሸካሚዎች ነበሩ። ፖሎናሩዋ ላይ ግን ሐሳቡ በስሏል። ደጃፉ ላይ ያለውን የጨረቃ ድንጋይ እዩት። በሬው የለም። ምሁራን የሚሰጡት ምክንያት የሂንዱ እምነት ተጽዕኖ ነው። በሬ ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ የተቀደሰ በመሆኑ እግር የሚረግጠው ቦታ ላይ መቀረጹ ቀረ። የቾላዎቹ የሺቫ ቤተ መቅደሶችም እዚያው አጠገብ ቆመዋል፣ ስለዚህ ነገሩ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመሬቱ ይነበባል።

እዚሁ ግቢ ውስጥ ጋል ፖታ የሚባል ከ8 ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ ጽሑፍ ተጋድሟል። ክብደቱ 25 ቶን ይሆናል። ኒሳንካ ማላ ስለራሱ ያጻፈው ውዳሴ ነው። ድንጋዩ ከሚሂንታሌ ድረስ ተጎትቶ መምጣቱም እላዩ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው ጋል ቪሃራ ነው። አንድ ወጥ አለት ላይ በፓራክራማባሁ ዘመን የተጠረቡ አራት ምስሎች። አንደኛው ተቀምጦ በተመስጦ ላይ ያለው ትልቅ ምስል ነው። ቀጥሎ በዋሻ ውስጥ ያለው ትንሹ። ሦስተኛው እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣመረ፣ ሰባት ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የቆመ ምስል ነው። ቡድሃ ነው ወይስ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። አራተኛው 14 ሜትር የሚሆን፣ በጎኑ የተጋደመ ቡድሃ ነው። ቀረብ ብላችሁ ትራሱን እዩ። ጭንቅላቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፣ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ለስላሳ ይመስላል። እግሮቹንም እዩ፣ የላይኛው ከታችኛው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። ይህ ምልክት እንቅልፍ ሳይሆን ሞት መሆኑን ለማሳየት ነው ይባላል። የድንጋዩ ተፈጥሯዊ መስመሮች ፊቱ ላይ ያልፋሉ፣ ጠራቢዎቹም አልሸሸጓቸውም። ዘመናዊው የመከላከያ ጣሪያ እይታውን ትንሽ ይረብሻል፣ ድንጋዩን ከዝናብ ስለሚያድን ግን አልከፋበትም።

የደሴቲቱ ምርጥ የድንጋይ ቅርጽ የትኛው ነው ብትሉኝ ያለ ማመንታት ጋል ቪሃራ እላለሁ። በዚህ ፖሎናሩዋ ታሸንፋለች። ሩዋንወሊሳያ ዙሪያ በነጭ ልብስ የሚዞረውን ሕዝብ ያየ ሰው ግን ፖሎናሩዋ ውስጥ አንድ ነገር ይጎድልበታል። እዚህም የሚሳለም አለ፣ የሚበዛው ግን ጎብኚ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሰሜን ጫፍ ዝለቁ። የቲቫንካ ምስል ቤት ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። ብዙው ሰው ጋል ቪሃራ ላይ ስለሚመለስ ጸጥ ያለ ነው።

ሌሎቹስ?

ሲጊሪያን ከእነዚህ ጋር ማወዳደር አይመቸኝም፣ ምክንያቱም ዋናው ነገሩ ቤተ መቅደስ አይደለም። አባቱን ገድሎ የነገሠው ካሽያፓ ከ477 እስከ 495 የኖረበት ቤተ መንግሥት ነው። ከእሱ በፊትም በኋላም መነኮሳት ኖረውበታል። 1,200 ገደማ ደረጃ አለው። ቋጥኙ ላይ የተሳሉትን የሴቶች ሥዕሎች ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከወጣችሁ ጠዋት በሩ ሲከፈት ውጡ።

ዳምቡላ ደግሞ ከሲጊሪያ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ዋሻዎች፣ ከ150 በላይ ሐውልቶች፣ ጣሪያ እስከ ግድግዳ የተሳለ። ዋሻዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ መነኮሳት ይኖሩባቸው ነበር፣ አሁን የሚታየው ሥዕል ግን አብዛኛው የ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ፍርስራሽ የማይማርከው ሰው አብሯችሁ ካለ እሱን ዳምቡላ ውሰዱት፣ ይወደዋል።

ሪቲጋላ ሰው የማይበዛበት ነው። በተራራ ጫካ ውስጥ የተሠራ የመናንያን ገዳም ነው። የቡድሃ ሐውልት አይታይበትም፣ ትልቅ ዳጎባም የለውም። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድና የተመስጦ መድረኮች ብቻ። ገዳማዊ ሕይወት ለሚገባው ሰው ከብዙ ሐውልት በላይ ይናገራል። አንድ ቀን ላለው ግን አልመክረውም።

ጫማ፣ ፀሐይ፣ ገንዘብ

ቅዱስ ወደሚባለው ቦታ ሁሉ ጫማና ባርኔጣ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ድንጋዩ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ እግር ያቃጥላል፣ ወፍራም ካልሲ ያዙ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ያላችሁ ሴቶች ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ሥራ ይሠራላችኋል። ለቡድሃ ምስል ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት እንደ ትልቅ ድፍረት ይቆጠራል፣ ጠባቂዎችም ይቆጣሉ።

ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። ከማለዳው አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ አምስት፣ ከዚያ ከቀትር በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ጀንበር ግባት። መሀሉን እረፉ። ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን በመኪና እናሳያችኋለን የሚሏችሁን አትስሙ። መንገዱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይበላል፣ የሚቀረው ሰዓት ደግሞ በቀትሩ ሙቀት ላይ ይውላል።

የውጭ ዜጋ ቲኬት ውድ ነው። በቅርብ ዓመታት ለአኑራዳፑራ፣ ለፖሎናሩዋም ሆነ ለሲጊሪያ እያንዳንዱ ከ25 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ ገንዘብም የምርጫው አንድ አካል ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ ሲጊሪያን ትቶ አንዱን ከተማ በቅጡ ማየት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አኑራዳፑራ ውስጥ የቦዲው ዛፍና ኢሱሩሙኒያ የሚባለው ቤተ መቅደስ የራሳቸው አነስተኛ ክፍያ አላቸው።

አኑራዳፑራ ከኮሎምቦ በባቡር ይደረሳል። ፖሎናሩዋም ወደ ባቲካሎዋ የሚሄደው ባቡር ያልፍባታል፣ አመቺው መንገድ ግን ሀባራና በምትባለው ከተማ በኩል በመኪና ነው። ልጆች ላሏቸው ፖሎናሩዋ ሌላ ብልጫ አላት። በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ሚኔሪያ በሚባለው ፓርክ ሐይቁ ሲጎድል የዱር ዝሆኖች በብዛት ይሰበሰባሉ። ከከተማዋ ቅርብ ነው። ጠዋት ሳይክል፣ ከሰዓት ዝሆን። ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሲመሽ ግን በዚያ መንገድ በሳይክል አትቆዩ፣ ዝሆኖቹ አስፋልት ይሻገራሉ።

ለአኑራዳፑራና ለሚሂንታሌ ደግሞ የጨረቃውን ቀን እዩ። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ ፖያ በሚሉት፣ አገሩ ሁሉ በዓል ነው፣ የአልኮል ሽያጭም ይዘጋል። ትልቁ በሰኔ የሚውለው ፖሶን ነው፣ ማሂንዳ ንጉሡን ያገኘበት ቀን። ያኔ ተሳላሚው ሚሂንታሌን ያጥለቀልቃታል። ሥርዓቱን ማየት የሚፈልግ ማደሪያውን ብዙ አስቀድሞ ይያዝ። ፍርስራሹን በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ያንን ሳምንት ይለፈው።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄዱ ቅርብ ናችሁ፣ ከዱባይም ሆነ ከዶሃ ኮሎምቦ የአራትና የአምስት ሰዓት በረራ ነው። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ። ስሪላንካ በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች ከሚመጣ መንገደኛ ትጠይቃለች፣ ኢትዮጵያም ከእነሱ አንዷ ናት። ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው አስር ቀን በፊት ውሰዱና ካርዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር አድርጉት።